ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነዳጅ ይሆናል ወይ? የናኖ ካታሊስት ጉዳይ

"ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ነዳጅ ተሠራ" የሚል ዜና ስልካችሁ ላይ ሳያጋጥማችሁ አይቀርም። እውነት ነው ወይ ለምትሉ፣ አዎ እውነት ነው፤ አዲስም አይደለም። ፈረንሳዊው ኬሚስት ፖል ሳባቲዬ ካርቦን ዳይኦክሳይድንና ሃይድሮጂንን በጋለ የኒኬል ዱቄት ላይ አሳልፎ ሜቴን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1902 ነው። በ1912 ኖቤል ሽልማት ያገኘውም ሃይድሮጂንን በደቀቀ ብረታ ብረት አማካኝነት ከሌሎች ውህዶች ጋር በማዋሃድ ዘዴው ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ካርቦን ዳይኦክሳይድ በቀላሉ የማይነካካ ጋዝ ነው፤ ከሃይድሮጂን ጋር አንድ ዕቃ ውስጥ ብንዘጋው ለዓመታት ምንም ሳይሆን ይቀመጣል። ካታሊስት ደላላ በሉት። ሁለቱን ላዩ ላይ አገናኝቶ፣ ራሱ ሳያልቅ ወደ ቀጣዩ ይሄዳል (ኮሚሽን አይቀበልም)።

ታዲያ ብረቱ ለምን ይደቃል? ያልተወቀጠ ቡና ጀበና ውስጥ ብትጨምሩ ምን እንደሚወጣ ታውቃላችሁ። ሥራው የሚሠራው ገጹ ላይ ነው። በየጎኑ 1 ሳንቲሜትር የሆነ ኩብ ጠቅላላ ገጹ 6 ካሬ ሳንቲሜትር ነው። ያንኑ በየጎናቸው 10 ናኖሜትር ወደሆኑ ኩቦች ብንከፋፍለው 600 ካሬ ሜትር ይሆናል! 1 ናኖሜትር የሚሊሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ነው።

የብረቱ ዓይነትም ውጤቱን ይወስናል። ኒኬል ሜቴን ይሰጣል፤ መዳብ ከዚንክ ኦክሳይድ ጋር ሲሆን ሜታኖል።

ችግሩ ደግሞ ሙቀት ነው። ወጥ ላይ የተንሳፈፉ የዘይት ነጠብጣቦች ተገናኝተው አንድ ትልቅ እንደሚሆኑት ሁሉ፣ እነዚህ ቅንጣቶችም በሙቀት እየተጣበቁ ይተልቃሉ፤ ገጻቸው ይቀንሳል፤ ካታሊስቱ ይደክማል። ለዚህ ነው ብዙ ተመራማሪዎች ቅንጣቶቹን ባሉበት የሚያቆይ መደብ ላይ የሚለፉት።

ዜናዎቹ ብዙ ጊዜ የሚዘሉት ግን ሃይድሮጂኑ ከየት እንደመጣ ነው። እስቲ እናስላው። 1 ቶን ሜታኖል ለመሥራት 1.4 ቶን ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድና 190 ኪሎ ገደማ ሃይድሮጂን ያስፈልጋል። ዛሬ አብዛኛው የዓለም ሃይድሮጂን የሚመረተው ከተፈጥሮ ጋዝና ከድንጋይ ከሰል ነው። ከተፈጥሮ ጋዝ ሲሆን ለ1 ኪሎ ሃይድሮጂን 9 ኪሎ ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቀቃል። ስለዚህ 1.4 ቶን "ለማጥፋት" 1.7 ቶን ለቀቅን ማለት ነው። ምርጥ ካታሊስት ቢገኝ እንኳ ይሄን ሂሳብ አይቀይረውም።

ሂሳቡ የሚቀየረው ሃይድሮጂኑ በንፁህ ኤሌክትሪክ ከውሃ ሲወጣ ነው። አይስላንድ ውስጥ በጆርጅ ኦላ ስም የተሰየመው ፋብሪካ የተሠራው በዚህ መንገድ ነው። ስቫርትሴንጊ ከተባለው የእንፋሎት ኃይል ጣቢያ ጎን ተተክሎ፣ ካርቦን ዳይኦክሳይዱንም ከዚያው ጣቢያ ወስዶ በዓመት እስከ 4,000 ቶን ሜታኖል የማምረት አቅም ነበረው። ያ ሜታኖል መኪና ውስጥ ሲቃጠል ግን የተያዘው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ተመልሶ አየር ላይ ይወጣል።