ቃል ይዘው መጥተው መድፍ ሠሩ፤ የጋፋት ወጣት ሚስዮናውያን ታሪክ

ስለ ውጭ አገር ሚስዮናውያን በአገራችን የታሪክ ጽሑፎች በተነሣ ቁጥር ሁለት ፍርዶች ጎን ለጎን ቆመው ይገኛሉ። አንደኛው ሚስዮናዊውን የሥልጣኔ ብርሃን ይዞ የመጣ አስተማሪ አድርጎ ያቀርበዋል። ሁለተኛው ለቅኝ ገዢዎች መንገድ የሚጠርግ መልእክተኛ ነው ይለዋል። ሁለቱም በየበኩላቸው የሚጠቅሱት ማስረጃ አያጡም። ሆኖም በአንድ ነገር ይስማማሉ፤ ይኸውም ሚስዮናዊውን ሁልጊዜ ሰጪ፣ የአገሩን ሕዝብ ደግሞ ሁልጊዜ ተቀባይ አድርገው መመልከታቸው ነው። ሥራው በጎም ይሁን ክፉ፣ አድራጊው እንግዳው ነው፤ ባለአገሩ የሚደረግለት ወይም የሚደረግበት ብቻ ሆኖ ይቀራል።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ በደብረ ታቦር አቅራቢያ፣ በጋፋት የኖሩት ወጣት ሚስዮናውያን ታሪክ ይህን አመለካከት እንደገና እንድንመረምር ያስገድደናል። እነዚህ ወጣቶች ለማስተማር መጥተው ተማሪዎች ሆኑ፤ ቃል ለመስበክ መጥተው መድፍ አቀለጡ። በመጨረሻ ከሥራቸው የትኛው እንደ ቀረና የትኛው እንደ ጠፋ መመርመር፣ ዕውቀት ከአንድ ሕዝብ ወደ ሌላው እንዴት እንደሚሸጋገር ለመረዳት ይጠቅማል። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት፣ ዓ.ም. ተብሎ ካልተገለጸ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ለመሆኑ እነዚህ ሰዎች እነማን ነበሩ? ክርስቲያን ፍሪድሪኽ ሽፒትለር የተባለ ሰው በ1840 በስዊዘርላንድ በባዝል ከተማ አጠገብ ባለ ኮረብታ ላይ ሴንት ክሪሾና የሚባል የሚስዮን ትምህርት ቤት አቋቋመ። ወደዚህ ትምህርት ቤት ይገቡ የነበሩት በአመዛኙ የመኳንንት ወይም የሊቃውንት ልጆች አልነበሩም። ከገጠርና ከእጅ ሠራተኛ ቤተሰብ የተወለዱ ወጣቶች ነበሩ። መጽሐፍ ቅዱስን ከማጥናት ጋር የእጅ ሙያ ይማራሉ፤ ወደሚላኩበት አገር ሲደርሱም በገዛ እጃቸው ሠርተው እንዲበሉና በሥራቸው እየመሰከሩ እንዲሰብኩ ይጠበቅባቸዋል። ሽፒትለር ከኢየሩሳሌም እስከ ኢትዮጵያ ድረስ በ12ቱ ሐዋርያት ስም የሚጠሩ ጣቢያዎችን የመትከል ውጥንም ነበረው።

ወደ ኢትዮጵያ ከተላኩት መካከል ማርቲን ፍላድ በ1831 በጀርመን አገር በቩርተምበርግ፣ ቴዎፊል ዋልድማየር ደግሞ በ1832 በስዊዘርላንድ ተወለዱ። ፍላድ በ1855 መንገዱን ለማጥናት መጀመሪያ ሲመጣ 24 ዓመቱ ነበር። በተከታዩ ዓመት ከቤንደር፣ ከማየርና ከኪንዝለን ጋር ተመልሶ መጣ። ዋልድማየርና ዛልሙለር በ1859 ደረሱ። እንግዲህ ስለ ሃያዎቹ ዕድሜ ወጣቶች መናገራችን መሆኑን ልብ ማለት ይገባል።

እነዚህ ወጣቶች ለማደል ይዘውት የመጡት ዋነኛ ነገር የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ነበር። ከዚህ ላይ ቆም ብሎ ማሰብ ያሻል። ይህን መጽሐፍ የተረጎመው አውሮፓዊ ሊቅ አልነበረም። ተርጓሚው አቡ ሩሚ በመባል የሚታወቅ፣ ብዙ አገር የዞረ ኢትዮጵያዊ መነኩሴ ነበር። በክፍለ ዘመኑ መጀመሪያ በካይሮ ተቀምጦ፣ አስላን ደ ሼርቪል በተባለ የፈረንሳይ ቆንስላ ሹም ጠያቂነት፣ ለዐሥር ዓመት ያህል ደክሞ ከ9,000 ገጽ በላይ ጻፈ። ሥራውን ከፈጸመ በኋላ በወረርሽኝ ሞተ። የእጅ ጽሑፉን በ1820 ዊልያም ጆወት የተባለ ሚስዮናዊ ለእንግሊዝ የመጽሐፍ ቅዱስ ማኅበር ገዛው። ወንጌላቱ በ1824፣ ሐዲስ ኪዳን በ1829፣ መላው መጽሐፍ በ1840 ታተሙ። ስለዚህ ወጣቶቹ ከባሕር ማዶ አምጥተው ለኢትዮጵያውያን የሰጡት ቃል፣ አስቀድሞ ከኢትዮጵያዊ ብዕር የወጣ ነበር። ሰጪና ተቀባይ የሚለው አከፋፈል ገና ከመነሻው ይናጋል።

የቋንቋውን መንገድ የጠረጉላቸው ሌሎች ሚስዮናውያንም ከእነሱ በፊት መጥተው ነበር። ሳሙኤል ጎባት በ1830 ጎንደር ገብቷል። ካርል ቪልሄልም ኢዘንበርግና ዮሐን ሉድቪግ ክራፍ በ1838 ከዓድዋ ከተባረሩ በኋላ በ1839 ወደ ሸዋ ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘንድ ሄዱ፤ ክራፍም እስከ 1842 ቆየ። ኢዘንበርግ የአማርኛ መዝገበ ቃላት በ1841፣ የአማርኛ ሰዋስው ደግሞ በ1842 በለንደን አሳተመ። በመጽሐፎቹ ሽፋን ላይ የምናነበው የሱን ስም ነው። ይሁን እንጂ ማንም እንግዳ ቃላትን ከአየር ላይ አይለቅምም። እያንዳንዱ ቃል ከአንድ ባለአገር አፍ ወጥቷል፤ አንድ ደብተራ፣ አንድ አሽከር፣ አንዲት እንጀራ ጋጋሪ ታግሠው ደጋግመው ተናግረውታል። አማርኛን የሚማር አውሮፓዊ ወጣት «ቀሰሰ» ለማለት ፈልጎ «ከሰሰ»፣ «ጠራ» ለማለት አስቦ «ተራ» ሲል፣ የሚያርመው የመንደሩ ሕፃን ነው። በዚያች ሰዓት መምህሩ ማን እንደ ሆነ አያጠያይቅም።

አሁን ወደ ጋፋት እንምጣ። ዐፄ ቴዎድሮስ በየካቲት 1847 ዓ.ም. ዘውድ ሲጭኑ የተረከቡት በዘመነ መሳፍንት የተከፋፈለች አገር ነበረች። አገሪቱን አንድ ለማድረግ ከሁሉ በፊት የሚያስፈልጋቸው የጦር መሣሪያና መንገድ መሆኑን ተረድተው ነበር። ክራፍና ፍላድ በ1855 ቀርበው ስለ ሚስዮኑ አሳብ ሲያስረዱ፣ ንጉሠ ነገሥቱ ሰባኪ ሳይሆን ባለሙያ እንደሚፈልጉ ገለጹ። ሃይማኖቱ በሀገሪቱ ቤተ ክርስቲያን እጅ ነበር፤ ስብከቱም በአመዛኙ ወደ ቤተ እስራኤል ወገኖች ብቻ እንዲወሰን፣ የሚያምኑትም በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን እንዲጠመቁ ተደረገ። እንግዳው ሊሰጥ ያሰበውን ሳይሆን ባለአገሩ የፈለገውን እንዲሰጥ የተጠየቀው በዚህ ሁኔታ ነው።

የጋፋት ሰፈር የተመሠረተው በዚህ መንፈስ ነው። ወጣቶቹ መንገድ ጠረጉ፣ ሠረገላ ሠሩ፣ ጠመንጃ ጠገኑ፤ ልጆች ሰብስበውም ፊደልና የእጅ ሙያ አስተማሩ። ዋልድማየርና ዛልሙለር የንጉሠ ነገሥቱ ወዳጅ የነበረው የእንግሊዛዊው የጆን ቤል ከኢትዮጵያዊት የተወለዱ ሴቶች ልጆችን አገቡ። አማርኛ የስብከት መሣሪያ ብቻ መሆኑ ቀርቶ የጓዳቸውና የልጆቻቸው ቋንቋ ሆነ። ሰው አገሩን ለቅቆ ሲወጣ እንደ ልቡ እንደማይሆን ያገራችን ብሂል ያስተምራል፤ እነሱም ይህን በየዕለቱ ኑሯቸው ቀመሱት።

ቀጥሎ የመጣው ትእዛዝ ከሁሉ የከበደ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ መድፍ እንዲያቀልጡ ጠየቋቸው። ወጣቶቹ ይህን ሙያ እንደማያውቁ ተናገሩ፤ ሰላምን ሊሰብክ ለመጣ ሰው የመግደያ መሣሪያ መሥራት ከኅሊና ጋር የሚያጣላ መሆኑም ግልጽ ነው። ንጉሡ ግን በማግባባትም በማስጨነቅም ሥራውን አስጀመሯቸው። ሞሪትዝ ሆል የተባለው የፖላንድ ተወላጅና ሌሎችም የውጭ ሰዎች አብረዋቸው ሠሩ። የመጀመሪያዎቹ ሙከራዎች ከሸፉ፤ ምድጃው ፈረሰ፣ እንደገና ተሠራ። በ1867 ግን ሴባስቶፖል የተባለው፣ ወደ 7 ቶን የሚመዝነው ታላቅ መድፍ ተሠርቶ አለቀ።

በዚህ ሥራ ውስጥ አንድ ሌላ ቁም ነገር ተሰውሮ ይገኛል። በዚያ ዘመን በነበረው የባላባት ሥርዓት ውስጥ ቀጥቃጩ፣ ሸማኔው፣ ሸክላ ሠሪዋ ይናቁ ነበር። «ቡዳ» የሚለው ስድብ በአብዛኛው የሚወረወረው በእነሱ ላይ ነበር። በበጌምድር ብረት ሲቀጠቅጡና ሸክላ ሲሠሩ የኖሩት ቤተ እስራኤል የዚህ ንቀት ዋነኛ ገፈት ቀማሾች ነበሩ። ዐፄ ቴዎድሮስ የእጅ ባለሙያን ከአጠገባቸው አስቀምጠው ማክበራቸው፣ ራሳቸውም በመንገድ ሥራው ላይ ድንጋይ ማንሣታቸው፣ ይህን ልማድ የሚጻረር ተግባር ነበር። ነገር ግን የከበረው ባለሙያ በይበልጥ ባዕዱ ነበር። ያገሩ ቀጥቃጭ ከንቀት አልወጣም። ሙያውም በሕዝቡ ውስጥ ሥር የሚሰድበት መሠረት አላገኘም።

ፍጻሜው የታወቀ ነው። ቴዎድሮስ ለንግሥት ቪክቶሪያ የጻፉት ደብዳቤ መልስ አጥቶ ቆንስሉ ካሜሮንና ሌሎች አውሮፓውያን ታሰሩ። ፍላድ በ1866 ሚስቱንና ልጆቹን ትቶ የንጉሠ ነገሥቱ መልእክተኛ ሆኖ ወደ ለንደን ተላከ፤ በተከታዩ ዓመት ተመለሰ። ደብረ ታቦር ተቃጥሎ ጉዞ ወደ መቅደላ ሲጀመር ሴባስቶፖል በመቶ በሚቆጠሩ ሰዎች እየተጎተተ፣ የጅጣንና የበሽሎን ሸለቆዎች እየተሻገረ፣ ከ6 ወር ገደማ በኋላ አምባው ላይ ወጣ። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. በአሮጌ በተደረገው ጦርነት የንጉሡ ሠራዊት ተሸነፈ፤ ሚያዝያ 6 ቀን ቴዎድሮስ ራሳቸውን ሠዉ። በጋፋት የነበሩት ባለሙያዎችም ከነቤተሰባቸው ከእንግሊዝ ጦር ጋር ከአገር ወጡ።

የሁለተኛውን ፍርድ ማስረጃ እዚህ ላይ አለመሸሸግ ይገባል። የክራፍ የቋንቋና የአገር ዕውቀት ለጄኔራል ናፒየር ዘመቻ ተፈልጎ፣ እሱ ራሱ በአስተርጓሚነት አብሮ ተነሥቶ ነበር፤ የተመለሰው ጤናው ስለ ታወከ ነው። የአንድን ሕዝብ ቋንቋ ማወቅ ፍቅር ሊሆን ይችላል፤ ለጦር የሚያገለግል ስለላም ሊሆን ይችላል። ከመቅደላ በ15 ዝሆንና በ200 ገደማ በቅሎ የተጫነው ዘረፋ፣ በውስጡም በመቶ የሚቆጠሩ የብራና መጻሕፍት፣ በአውሮፓ ቤተ መጻሕፍት ተከማችቷል። በታተመ ወረቀት ላይ ቃል ወደ ገባበት አገር በብራና የተጻፈው ቃል ተዘርፎ ወጣ።

ታዲያ ከጋፋት ምን ቀረ? ሴባስቶፖል ዛሬም በመቅደላ አምባ ላይ ተጋድሞ ይገኛል። ታላቅ የታሪክ ቅርስ ነው፤ ነገር ግን ልጅ አልወለደም። ምድጃው ከንጉሡ ጋር ጠፋ፤ ሙያውን ተረክቦ የሚቀጥል የአገር ልጆች ማኅበር አልተተከለም። ዋልድማየር ወደ ሊባኖስ ሄዶ በብሩማና በ1873 ትምህርት ቤት ከፈተ፤ የጋፋት ልምዱም በሌላ አገር አፈራ።

የቃሉ ሥራ ግን ባለአገሮች ስለ ያዙት ቀጠለ። በዚያው ዘመን ደብተራ ዘነብ የዐፄ ቴዎድሮስን ታሪክ በግዕዝ ሳይሆን በአማርኛ ጻፉ። ክራፍ በእርጅናው ዘመን ላሳተመው የኦሮምኛ ሐዲስ ኪዳን ዘነብና ሩፎ የተባለ የኦሮሞ ተወላጅ ደክመውበታል። ከዚህም በኋላ በኢሉባቦር ተወልዶ፣ በልጅነቱ ለባርነት ተሽጦ፣ በምጽዋ ነጻ የወጣው ኦኔሲሞስ ነሲብ መጣ። እሱ ራሱ ከ1876 እስከ 1881 በስዊድን በባዕድ ቋንቋና ባሕል መካከል ተምሯል። ሲመለስ በልጅነቱ የተለየው ቋንቋ ብዙ ቃላት እንደ ጎደለው ተሰማው። ጉድለቱን የሞላችለት እሷም ከባርነት ነጻ የወጣችው አስቴር ጋኖ ነበረች። ሐዲስ ኪዳን በ1893 በእምኩሉ፣ መላው የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ በ1899 በሴንት ክሪሾና ታተሙ። የእነ ፍላድ ትምህርት ቤት ማተሚያ የኦኔሲሞስና የአስቴር ሥራ አገልጋይ ሆነ።

ከዚህ ታሪክ የምንማረው ለዛሬም የሚሆን ነው። በ1967 ዓ.ም. በዕድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ 60,000 የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን በየገጠሩ ሲሰማሩ፣ ብዙዎቹ የማያውቁት ቋንቋና ልማድ ገጠማቸው። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻም ቀስ በቀስ በ15 ቋንቋዎች እንዲካሄድ የተደረገው፣ ሰውን በራሱ ቋንቋ ካልሆነ በቀር በሚገባ ማስተማር እንደማይቻል ስለ ታወቀ ነው። ገበሬውን ሊያስተምር ሄዶ ስለ አፈሩና ስለ ዘሩ ከገበሬው የተማረ ዘማች ጥቂት አልነበረም።

ወደ ሌላ ሕዝብ የሚሄድ ወጣት፣ ሰባኪም ይሁን መምህር፣ ካድሬም ይሁን ከያኒ፣ አንድ ነገር ተሸክሞ ይሄዳል። የተሸከመው ነገር ዋጋ የሚያገኘው ባለአገሩ በራሱ ቋንቋ ሲጠራው፣ በራሱ እጅ ሲሠራው፣ ለልጁም ሲያወርሰው ነው። በትእዛዝ የተሠራው ታላቅ መድፍ ከተጎተተበት አምባ አልወረደም። በየጓዳውና በየደጀ ሰላሙ፣ ስማቸው ባልተመዘገበ መምህራን አንደበት የተላለፈው ቃል ግን እስከ ዛሬ ይነበባል። ታሪካችንን የምንጽፍ ሰዎች በመጻሕፍቱ ሽፋን ላይ ከሚታየው ስም በስተኋላ የእነዚህን መምህራን ድካም ፈልገን የማውጣት ዕዳ አለብን።