መቀሱ በማን እጅ ነው?



በጅማ፣ በአጋሮና በሊሙ ገነት ያደገ ሰው ቪዲዮ ቤትን አይረሳም። የህንድ ፊልም፣ የካራቴ ፊልም፣ ረጅም አግዳሚ ወንበር። ነውር ነገር ታየ ከተባለ ሽማግሌ ሄዶ ባለቤቱን ይመክር ነበር። ዛሬ ፊልሙ ያለው በልጆቻችን ስልክ ውስጥ ነው። የተመሳሳይ ጾታ ግንኙነት የሚያሳይ ፊልም ከሲኒማም ከቤተ መጻሕፍትም ይታገድ የሚል ጥያቄ ሲነሳ ብዙዎቻችን ወዲያው እንስማማለን። ከመስማማታችን በፊት ግን ታሪክ እንጠይቅ።

ጎረቤታችን ኬንያ «ራፊኪ» የተባለውን ፊልም እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2018 አገደች። በመስከረም የአገሪቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ለሰባት ቀን ለአዋቂዎች እንዲታይ ፈቀደ፤ የናይሮቢ ሲኒማም በተመልካች ሞላ። እገዳው ማስታወቂያ ሆነለት።

ወደ አገራችን እንምጣ። ሼኽ በክሪ ሳጳሎ በ1940ዎቹ መጨረሻ ለኦሮምኛ ፊደል ቀረጹ። የንጉሡ መንግሥት ፊደሉን ከለከለ፤ እሳቸውም ድሬዳዋ ላይ በቁም እስር ቆዩ። በደርግ ዘመን በ1975 ዓ.ም. የወጣው የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» ከገበያ ተሰበሰበ፤ ደራሲው በ1976 ዓ.ም. ደብዛው ጠፋ። ቅድመ ምርመራ በ1985 ዓ.ም. በፕሬስ አዋጁ ቀረ፤ ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 29 ከለከለው። ያም ሆኖ በሐምሌ 2004 ዓ.ም. የ«የሙስሊሞች ጉዳይ» መጽሔት አዘጋጅ ታሰረ።

አያችሁ? መቀሱ አንድ ጊዜ ከተሳለ ባለቤቱ ይቀያየራል። ዛሬ የማንወደውን ፊልም የቆረጠ እጅ ነገ የእኛን ኪታብ ይቆርጣል።

ታዲያ ዝም እንበል? አይደለም። ያው አንቀጽ 29 የወጣቶችን ደኅንነት ለመጠበቅ በሕግ ገደብ ማድረግ እንደሚቻል ይናገራል። ስለዚህ የዕድሜ ገደብ መጠየቅ፣ ልጅ የሚያየውን አብሮ ማየት፣ መቃወምንም በንግግር ማድረግ መብታችን ነው። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 629 ድርጊቱን ይቀጣል፤ ሰውን በጥርጣሬ መደብደብን ግን ለማንም አልፈቀደም። ዲናችንም ያለ አራት ምስክር የሰውን ክብር በዝሙት የሚያጎድፍን ሰው አጥብቆ ይኮንናል።

ሽማግሌው ቪዲዮ ቤት የሄዱት መቀስ ይዘው አልነበረም፤ ምክር ይዘው ነው። ልጆቹም ይሰሟቸው የነበረው ስለሚያውቋቸው ነው። እኛስ ልጆቻችን ያውቁናል?

ወላሁ አዕለም።