ያልመጡትን ፍለጋ የሄደችው ሐኪም

በ1950ዎቹ ነው (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር)። አንዲት እንግሊዛዊት እናት ጨቅላ ልጇን ይዛ በባቡር ትጓዛለች። አጠገቧ ሌላ እናት ሌላ ሕፃን ይዛለች። ያ ሕፃን ያየውን ነገር ሁሉ በጣቱ ይጠቁምና ዞር ብሎ እናቱን ያያል። እሷም ማየቷን ማረጋገጥ ይፈልጋል። የእንግሊዛዊቷ ልጅ ሱዚ ግን እንዲህ አድርጋ አታውቅም። እናቷ በዚያች ቅጽበት ብርድ እንደወረራት ከብዙ ዓመታት በኋላ ተናግራለች።

ይህች እናት ሎርና ዊንግ ናት። ሐኪም ናት፤ ያውም የአእምሮ ሐኪም። ባሏ ጆን ዊንግም እንዲሁ። ሁለት የአእምሮ ሐኪሞች ባሉበት ቤት የልጅቷን ሁኔታ በስሙ የሚጠራ አልነበረም። ስሙ የተገኘው ጆን የሕፃናት ሳይካትሪስት የነበረችውን የሚልድረድ ክሪክን ንግግር ሰምቶ ሲመለስ ነው። ኦቲዝም።

ስሙ ሲመጣ ግን ክስም አብሮ መጣ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ1943 አሜሪካ ባልቲሞር ይሠራ የነበረው ሊዮ ካነር የ11 ልጆችን ታሪክ አጥንቶ ኦቲዝምን ራሱን የቻለ ችግር አድርጎ ጻፈ። ከልደት ጀምሮ ያለ ነገር እንደሆነም ያኔውኑ ጠቁሟል። ነገር ግን አንድ ትዝብት ጨመረበት፤ ወላጆቹ ብዙዎቹ የተማሩ፣ ፍቅራቸውን የማያሳዩ ቀዝቃዛ ሰዎች ናቸው አለ። በ1949 ደግሞ ልጆቹን በረዶው በማይቀልጥ ፍሪጅ ውስጥ እንደተቀመጡ አድርጎ ገለጻቸው። ከዚያ በኋላ «የፍሪጅ እናት» የሚለው ስም ዓለምን ዞረ።

ክሱን ወደ ጥግ የወሰደው ብሩኖ ቤትልሃይም ነው። ይህ ሰው በቺካጎ የልጆች ማገገሚያ ትምህርት ቤት ይመራ ነበር፤ ሕክምና ግን አልተማረም። ከናዚ ማጎሪያ ካምፖች፣ ከዳካውና ከቡከንቫልድ የተረፈ ሰው ነው። በ1967 ባሳተመው መጽሐፍ ኦቲዝም ያለበትን ልጅ ከካምፕ እስረኛ ጋር አመሳሰለው። ልጁ እስረኛ ከሆነ ጠባቂው ማን ሊሆን ነው? አንባቢው መልሱን ራሱ ያገኘዋል። እናትየው!

«ወላድ በድባብ ትሂድ» የሚል ሕዝብ ይህን ሲሰማ ሊገርመው ይችላል። በዚያ ዘመን ግን የተማረው ዓለም እንዲህ ያስብ ነበር።

ሎርና ዊንግ ይህን ክስ በሁለት መንገድ ገጠመችው፤ አንዱ እንደ እናት፣ ሌላው እንደ ተመራማሪ።

እንደ እናት፣ በ1962 ከሌሎች ወላጆች ጋር ሆና ዛሬ የብሪታንያ ብሔራዊ የኦቲዝም ማኅበር የሚባለውን መሠረተች። በ1965 ማኅበሩ በለንደን ኢሊንግ ሰፈር ትምህርት ቤት ከፈተ። ይህ ቀላል ነገር አልነበረም። በእንግሊዝ ሕግ እስከ 1970 ድረስ አንድን ልጅ «ሊማር አይችልም» ብሎ ከትምህርት ቤት ማስቀረት ይቻል ነበርና።

እንደ ተመራማሪ ያደረገችው ግን የበለጠ ሥር ነቀል ነው። በለንደን የሳይካትሪ ኢንስቲትዩት፣ በማኅበራዊ ሳይካትሪ የምርምር ክፍል ውስጥ ሆና አንድ ተራ የሚመስል ጥያቄ አነሳች። ሐኪሞች የሚጽፉት ወደ ክሊኒካቸው ስለመጡት ልጆች ነው። ያልመጡትስ?

ልብ በሉ፤ የካነር ስህተት ያለው እዚህ ላይ ነው። በ1940ዎቹ የልጁን ጠባይ በዝርዝር መዝግቦ፣ ገንዘብ ከፍሎ፣ ርቆ ተጉዞ ታዋቂ ሐኪም ዘንድ የሚደርሰው ማነው? የተማረና ያለው ወላጅ ነው። ካነር ያየው የኦቲዝምን መንስኤ ሳይሆን ወደ እሱ በር የሚያደርሰውን መንገድ ነበር።

ሎርና ከሥነ ልቦና ባለሙያዋ ከጁዲት ጉልድ ጋር በደቡብ ለንደን ወደሚገኘው ካምበርዌል ሰፈር ወረደች። በሰፈሩ ከ15 ዓመት በታች የሆኑ 35 ሺህ ገደማ ልጆች ነበሩ። «ኦቲዝም ያለበት ካለ አምጡልን» አላሉም። የአካል ወይም የአእምሮ እድገት ችግር አለባቸው ተብለው በልዩ ልዩ አገልግሎቶች የተመዘገቡትን ልጆች ራሳቸው እየሄዱ አዩ።

ውጤቱ በ1979 ታተመ። ካነር የገለጸው ዓይነት ጠባብ ኦቲዝም ከ10 ሺህ ልጆች 5 ያህል ላይ ተገኘ። ከሰው ጋር መቀራረብ፣ ሐሳብን መለዋወጥና በምናብ መጫወት ሦስቱም አንድ ላይ የከበዷቸው ልጆች ግን 21 ያህል ሆኑ። አራት እጥፍ ማለት ነው። እነዚህ ልጆች ሁልጊዜም ነበሩ፤ የሐኪሙ ዝርዝር ስላልገለጻቸው ብቻ ስም አልነበራቸውም። አንዳንዱ ሰውን ይሸሻል። አንዳንዱ ካልቀረቡት አይቀርብም። አንዳንዱ ደግሞ ራሱ ይቀርብና ጨዋታው እንዴት እንደሚሄድ ይጠፋዋል። ኦቲዝም እንደ አንድ ሳጥን ሳይሆን ሰፊ መልክ ያለው፣ «ስፔክትረም» የሚባል ነገር ሆኖ የታየው ከዚህ በመነሳት ነው።

በ1980 ደግሞ ሎርና የወላጆቹን ኑሮ አነጻጸረች። የካምበርዌል ልጆች አባቶች ከሰፈሩ ሰው የተለዩ አልነበሩም፤ ድሃውም ሀብታሙም አለበት። ከፍ ያለ ደረጃ ያላቸው ሆነው የተገኙት ወደ ክሊኒክ የተላኩትና የማኅበሩ አባላት የነበሩት ወላጆች ናቸው። የተማረችው ቀዝቃዛ እናት ተረት እዚያው ላይ መሠረቱ ተናደ።

ሌሎችም ረድተዋል። በ1977 ሱዛን ፎልስታይንና ማይክል ራተር 21 የመንታ ጥንዶችን አጠኑ። ፍጹም ተመሳሳይ ከሆኑት 11 ጥንዶች በ4ቱ ሁለቱም ልጆች ኦቲዝም ነበራቸው፤ ተመሳሳይ ካልሆኑት 10 ጥንዶች ግን በአንዱም ይህ አልታየም። በዘር የሚወረስ ነገር መኖሩ ተገለጠ። ካነር ራሱም በ1969 ወላጆች በተሰበሰቡበት መድረክ ከክሱ ነጻ ናችሁ ብሏቸዋል።

የሎርና ሥራ ጥላ የለበትም ማለት ግን አይደለም። በ1981 ጥሩ ንግግር ስላላቸው ከዝርዝሩ ስለሚያመልጡ ሰዎች ስትጽፍ የቪየናውን ሐኪም የሃንስ አስፐርገርን የ1944 ጽሑፍ አነሳች። እሱ ሁኔታውን የጠራበት ቃል ሰዎቹን አደገኛ ስለሚያስመስል፣ በራሱ ስም ተክታ «የአስፐርገር ሲንድረም» አለችው። ስሙ በዓለም ገነነ። በ2018 የታሪክ ተመራማሪው ሄርቪግ ቼክ አስፐርገር በናዚ ዘመን ልጆች ወደሚገደሉበት አም ሽፒግልግሩንድ ወደተባለው ተቋም ልጆችን መላኩን በሰነድ አሳየ። ሎርና ይህን አልደረሰችበትም። ስሙም ከአሜሪካ የሳይካትሪ መመሪያ በ2013 ወጥቶ፣ ሁሉም በስፔክትረሙ ሥር ተጠቃሎ ነበር። ስሙ ወደቀ፤ በእሱ የተነሳ የታዩት ሰዎች ግን ተመልሰው አልተሰወሩም።

የሎርና ጥያቄ ኢትዮጵያም ይመለከታታል። እዚህ ክሱ «ፍሪጅ» አይባልም፤ እርግማን፣ መንፈስ፣ የኃጢአት ቅጣት ይባላል። ተከሳሿ ግን ያችው እናት ናት። በ2002 አዲስ አበባ ላይ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን የከፈቱት ወ/ሮ ዘሚ የኑስም የኦቲዝም ልጅ እናት ነበሩ። ሎርና የሠራችበት ኢንስቲትዩት ዛሬ በኪንግስ ኮሌጅ ለንደን ሥር ሆኖ ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ጋር በዚሁ ጉዳይ ይሠራል። በ2016 የታተመ ጥናት በአዲስ አበባ ክሊኒኮች የተገኙ 102 አሳዳጊዎችን ጠይቆ፣ መገለሉ ምን ያህል እንደከበዳቸው አሳይቷል። እነዚህ እንግዲህ ወደ ክሊኒክ የመጡት ናቸው። በር ተዘግቶባቸው እቤት የቀሩትስ?

ሱዚ በ2005 በ49 ዓመቷ አረፈች። ሎርና ከዚያ በኋላም ሥራዋን አልተወችም። በሰኔ 2014 በ85 ዓመቷ ስታርፍ «ጥፋቱ የማን ነው?» የሚለው ጥያቄ ከሳይንሱ ወጥቶ ነበር። ከየሰፈሩ፣ ከየቤተ ዘመዱ ግን ገና አልወጣም። እዚያ የሚያስወጣው ምርምር ብቻ አይደለም፤ ልጇን ደብቃ የምታሳድግ ጎረቤት ያለው ሰው ሁሉ በሯን ማንኳኳት ይችላል።