ዝርዝሩን የጻፈው ማነው? የመሥሪያ ቤት መኪናና የጣርማ በር ዳገት



ዛሬ ስለ መኪና ነው የምጽፈው። ጉዳዩ የግል መኪና አይደለም፣ የአስተማሪን ደሞዝ ታውቃላችሁ። ስለ መሥሪያ ቤት መኪና ነው። አንድ መሥሪያ ቤት ወይም ድርጅት መኪና ሊገዛ ሲነሳ ገበያ ወጥቶ ያሻውን አይመርጥም። ሦስት ወይም አራት ዓይነት የተጻፈበት ወረቀት ይመጣለታል፣ «ከዚህ ምረጥ» ይባላል። ይሄ ነገር ዛሬ የተጀመረ እንዳይመስላችሁ። መኪና አገራችን ከገባ ጀምሮ እንዲሁ ነው። እኔ የታሪክ አስተማሪ ነኝና ሁልጊዜ የሚያሳስበኝ ጥያቄ «የትኛው ተመረጠ?» የሚለው ሳይሆን «ዝርዝሩን የጻፈው ማነው?» የሚለው ነው።

ከመጀመሪያው እንጀምር። በ1900 ዓ.ም. ቤንትሌይ የሚባል እንግሊዛዊ ሲድሌይ የተባለች መኪና ከጅቡቲ በኩል አምጥቶ አዲስ አበባ ለዳግማዊ ምኒልክ አቀረበ። ብዙም ሳይቆይ ሆልትዝ የሚባል ጀርመናዊ የአገሩን መኪና ይዞ ደረሰ። የመጀመሪያው የመንግሥታችን «የመኪና ዝርዝር» እንግዲህ ይኸው ነው፦ አንድ የእንግሊዝ፣ አንድ የጀርመን። ሁለቱም የመጡት ንጉሡ ስላዘዙ አይደለም። አውሮፓውያን ቤተ መንግሥቱ ደጅ ላይ እርስ በርስ ሲሽቀዳደሙ ነው የመጡት። ባቡሩ ያን ጊዜ ገና ድሬዳዋ ላይ ነበር፣ ከዚያ ወዲህ ያለው ጉዞ በከብት ጀርባ ነው። መኪናዋ መጣች፣ ቤንዚኗ፣ መለዋወጫዋና መንገዷ ግን አልመጡም። እስከ ዛሬ ከሚደጋገሙት ችግሮቻችን አንዱ ከዚያ ቀን ይጀምራል።

አሁን ወደ እኛ አገር ወደ ደብረ ሲና ልምጣ።

በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. ማርሻል ባዶሊዮ ከደሴ ወደ አዲስ አበባ ሲዘምት ከ1,500 በላይ ተሽከርካሪ አሰልፎ ነበር። ያ ሁሉ ብረት በይፋት ቆላ አልፎ፣ ደብረ ሲናን አልፎ ጣርማ በር ሲደርስ ቆመ። መንገዱ ፈርሶ ጠበቀው። ወታደሩ ከመኪናው ወርዶ ድንጋይ ተሸክሞ መንገዱን እስኪጠግን ድረስ ሠልፉ እዚያው ተገትሮ ቆየ። ሚያዝያ 27 አዲስ አበባ ገቡ፣ የሆነው ሆነ። ግን አንድ ነገር ልብ በሉ፦ በዚያ ዘመን ከነበሩት ትልልቅ የሞተር ሠልፎች አንዱን ያስቆመው ይሄ ጠዋት ጠዋት ጉም የሚለብሰው የኛ ዳገት ነው።

ጣሊያን ትምህርቱን ገብቶታል መሰለኝ፣ ጣርማ በር ላይ ተራራውን በሳው። ወደ 600 ሜትር የሚጠጋው ዋሻ ዛሬም አለ፣ ሁላችሁም በአውቶቡስ አልፋችሁበታል። ከመንገዱ ጋር ደግሞ ዝርዝሩ አብሮ መጣ። ጣሊያን ፊያትና ላንቺያ አመጣ። ሽማግሌዎቻችን «ትሬንታ ኳትሮ» የሚሉት የጭነት መኪና ፊያት 634 ነው፣ ስሙ ቁጥሩ ነው፣ «ሠላሳ አራት» ማለት ነው። ጣሊያን በአምስት ዓመቱ ተባረረ፤ ፊያት ግን ቀረ። ለምን ቀረ? መካኒኩ የተማረው በፊያት ነዋ! ዛሬ ሸዋ ሮቢት ጋራዥ ገብታችሁ የሚነገረውን ስሙት፦ ባሌስትራ፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ካንዴላ፣ ጎማ፣ ጋቢና። ጣሊያንኛ አንድ ዓረፍተ ነገር የማይችል ልጅ ቀኑን ሙሉ ጣሊያንኛ ቃል ሲጠራ ይውላል።

በኋላም ከአሰብ ወደብ የሚነሳው ጭነት በኮምቦልቻና በሸዋ ሮቢት አድርጎ ይህን ዳገት ሲወጣ ዳገቱን የገዛው «ኤንትሬ» ነው፣ ያው ፊያት። አዲስ አበባ ላይ «አምቼ» የተቋቋመውም የጣሊያን የጭነት መኪና ሊገጣጥም ነው። እንግዲህ ድል ያደረግነው አገር ዝርዝር በጋራዥ በኩል ተመልሶ ገባ ማለት ነው።

ከድል በኋላ ዝርዝሩ ተቀየረ። የእንግሊዝ ወዳጅነት ላንድሮቨርን አመጣ። አሜሪካም መጣ። የካቲት 6 ቀን 1937 ዓ.ም. ግብፅ ውስጥ በጦር መርከብ ላይ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴና ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ሲገናኙ የአሜሪካ ስጦታ ምን ነበር? አራት ወታደራዊ መኪና! መኪና ያን ጊዜም የዲፕሎማሲ ቋንቋ ነበር። ለንጉሡ ክብር ሮልስ ሮይስ ነበረ። የሚገርመው ግን መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከቤተ መንግሥት ሲወጡ የተሳፈሩት በቮልስ ነው። ደርግ ያን ቀን ቮልስ ያቀረበው ሌላ መኪና አጥቶ አይደለም። አንድ መኪና መርጦ አንድ ሙሉ ንግግር ተናገረ።

ደርግ ሲመጣ ዝርዝሩ ወደ ምሥራቅ ዞረ። ላዳ፣ ቮልጋ፣ ዋዝ፣ ኡራል፣ ዚል፣ ከምሥራቅ ጀርመን ደግሞ ኢፋ። እዚህ ላይ አንድ ደስ የሚል ነገር አለ፣ ክፍል ውስጥ ስናገረው ተማሪ ሁሉ ይስቃል። ላዳ ማን ናት? ላዳ ፊያት 124 ናት። ሶቪየቶች ከፊያት ጋር ተዋውለው ነው ፋብሪካውን የተከሉት፣ የፋብሪካው ከተማ እንኳ ቶግሊያቲ በሚባል ጣሊያናዊ ኮሚኒስት ስም ተሰይሟል። እኛ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ተገለበጥን ስንል የላዳ ሞተር ክዳን ሲነሳ ውስጧ ያው የድሮዋ ፊያት ናት! ፖለቲካው 180 ዲግሪ ሲዞር መካኒኩ መፍቻውን ይዞ እዚያው ቆሟል። አዲስ አበባ ላይ ላዳ ታክሲ ሆና ይህን ያህል ዘመን የኖረችው በርዕዮተ ዓለም ኃይል አይመስለኝም። ሠሪ ስለነበራት ነው።

ኢፋ ግን ሌላ ዕጣ ገጠመው። ኢፋን የሚሠራው አገር፣ ምሥራቅ ጀርመን፣ በመስከረም 1983 ዓ.ም. ከካርታ ጠፋ። ፋብሪካው ምርቱን አቆመ። በቀጣዩ ዓመት ሶቪየት ኅብረትም ፈረሰ። በአንድ ዝርዝር ላይ የተጻፉ መኪኖች በአንድ ጊዜ አምራች አገራቸውን አጡ። አንድን መኪና ከአንድ መኪና እየነቀሉ ማቆየት ተጀመረ፣ በየመሥሪያ ቤቱ ጓሮ በድንጋይ ላይ ቆመው ሣር የበቀለባቸው መኪኖች የዚያ ዘመን ሐውልቶች ናቸው። ከዚህ የምንማረው ቀላል ነው፦ መኪና ስትመርጥ ከመኪናው ጋር መለዋወጫ የሚልክልህን አገርም እየመረጥክ ነው።

ከዚያ ቶዮታ ነገሠ። በ1977ቱ ድርቅ ጊዜ የእርዳታ ሠራተኞች በዚሁ በኛ መንገድ ወደ ወሎ ሲመላለሱ ላንድሮቨርና ላንድክሩዘር ጎን ለጎን ነበሩ። በኋላ ላንድክሩዘር አሸነፈ። ላንድክሩዘርን ያነገሠው የመንግሥታት ወዳጅነት ብቻ አይመስለኝም፣ ሾፌርና መካኒክም ድምፅ ሰጥተውበታል። ሃርድቶፕ የምንላት መኪና ብዙውን ጊዜ 4.2 ሊትር፣ ባለ 6 ሲሊንደር፣ ቱርቦ የሌለው የናፍጣ ሞተር ናት። ኮምፒውተር አይበዛባትም፣ መጥፎ ናፍጣ ትችላለች፣ ወረዳ ላይ ትፈታለች፣ ወረዳ ላይ ትገጠማለች። ለየወረዳው የተሰጡት አምቡላንሶች ብዙዎቹ ቶዮታ የሆኑትም ያለምክንያት አይደለም። ምጥ የያዛትን እናት ከገጠር ቀበሌ ሊያመጣ የሚወጣ ሰው በመንገድ ላይ የሚቆም መኪና አይመርጥም።

ግን በዚያው ዘመን ዝርዝሩ በማዕረግ መከፋፈል ጀመረ። ለባለሥልጣን ቪ8፣ ለኃላፊ ሌላ፣ ለባለሙያ ፒካፕ፣ ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ እግሯ። ለተራራ የተሠራው ቪ8 ቀኑን ሙሉ በአዲስ አበባ አስፋልት ላይ ቀበቶውን ፈትቶ ተቀመጠ። ተራራ የሚወጣው ሰው ደግሞ ሞተር ሳይክል ተካፍሎ ይሄዳል። እዚህ ላይ ዝርዝሩ አጭር መሆኑ አልነበረም ችግሩ። በዝርዝሩ ላይ ላለው መኪና መንገዱን ሳይሆን ወንበሩን አይቶ የሚያድል ሰው መኖሩ ነው።

አሁን ወደ ዛሬው እንምጣ።

በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ያገለገሉ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ ታክስ ጣለ። በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ የገንዘብ ሚኒስቴር የውጭ ምንዛሪ በማይፈቀድላቸው 38 ዓይነት ዕቃዎች ውስጥ የነዳጅ መኪናን አስገባ። በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ ከኤሌክትሪክ በስተቀር መኪና ወደ አገር እንደማይገባ ተናገሩ። በአንጻሩ የኤሌክትሪክ መኪና ከተጨማሪ እሴት፣ ከኤክሳይዝና ከሱር ታክስ ነፃ ተደረገ። ዝርዝሩ እንደገና ተጻፈ። የጻፈው ዶላር ነው፣ ነዳጅ በቢሊዮን በሚቆጠር ዶላር ስለሚገዛ። ከዶላሩ ጎን ዓባይ አለ፦ 5,150 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ግድብ። መኪኖቹ የሚመጡት ደግሞ በብዛት ከቻይና ነው፣ የጀርመንና የጃፓን ስም የያዙት ሳይቀሩ።

እዚህ አካባቢ በአንድ ድርጅት የሚሠራ የቀድሞ ተማሪዬ በቅርቡ ደውሎልኝ ነበር። ሦስት መኪና የተጻፈበት ወረቀት መጥቶላቸዋል፣ ሦስቱም ኤሌክትሪክ። «መምህር፣ ጣርማ በርን ይወጣሉ ወይ?» አለኝ። ይሄ የፊዚክስ ጥያቄ ነው፣ የጎረቤት ክፍል አስተማሪ አማክሬ መለስኩለት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር በ100 ሜትር ከፍታ 1 በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል፣ አየር ስለሚሳሳ። ጣርማ በር ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። ስለዚህ 130 የፈረስ ጉልበት ያላት ሃርድቶፕ እዚያ ስትደርስ ወደ 90 ትወርዳለች። የኤሌክትሪክ ሞተር አየር አይተነፍስም፣ ከፍታ ጉልበቱን አይቀንስበትም። ሁለት ቶን መኪና ከሸዋ ሮቢት ጣርማ በር ለማውጣት፣ 1,800 ሜትር ያህል ሽቅብ ማለት ነው፣ ለከፍታው ብቻ 10 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይበላል። የመንገዱ ፍጆታ ለብቻው ነው። ባትሪው 70 ኪሎዋት ሰዓት ከሆነ ዳገቱ አንድ ሰባተኛውን ወሰደ። ሲወርድ ደግሞ ከዚያ ላይ ጥቂት የማይባለውን ይመልሳል፣ ፍሬንም አይግልም። ይህን መንገድ በፍሬን ሽታ የምታውቁት ትረዱኛላችሁ።

ስለዚህ ትወጣለች። ዳገቱ አይደለም የሚያሰጋኝ።

የሚያሰጋኝ የ1900ው ጥያቄ ነው። መኪናዋ መጣች፤ ከእሷ ጋር ምን መጣ? መብራት በጠፋ ቀን ከአዋዲ በላይ ያለው ጤና ጣቢያ ምን ያደርጋል? ባትሪዋ ስትታመም ሸዋ ሮቢት ላይ የሚከፍታት ልጅ አለ ወይስ በሎቤድ ተጭና አዲስ አበባ ትሄዳለች? አምራቹ ከአምስት ዓመት በኋላ ሞዴሉን ቢያቋርጥ እንደ ኢፋ ሣር ይበቅልባታል ወይ? ግዥ ክፍል ስፔሲፊኬሽን ሲያወጣ ሾፌሩንና መካኒኩን ጠርቶ ይጠይቅ። ዋጋና ቀለም ከማወዳደሩ በፊት ከሦስቱ የትኛዋ መለዋወጫ እዚህ አገር እንዳላት፣ አስመጪው ሥልጠና ይሰጥ እንደሆነ፣ ባትሪው ስንት ዓመት ዋስትና እንዳለው በጽሑፍ ይያዝ። በአጭር ዝርዝር ውስጥም ቢሆን የኛ ምርጫ የሚቀረው እዚህ ጋ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ለወጣቶቹ፣ በተለይ ቴክኒክና ሙያ ለገባችሁት። በዚህ ከ100 ዓመት በላይ በሆነ ጊዜ ውስጥ ዝርዝሩን እንግሊዝ ጽፏል፣ ጣሊያን ጽፏል፣ ሶቪየት ጽፏል፣ ዶላር ጽፏል። ግን የትኛው መኪና እንደሚቆይ የወሰነው ጋራዥ ነው። ትሬንታ ኳትሮን ያቆየ፣ ላዳን ያቆየ፣ ሃርድቶፕን ያነገሠ በግራሶ የጠቆረ እጅ ነው። ዛሬ የባትሪና የኤሌክትሪክ ሞተር ጥገና የሚማር የደብረ ሲና ወይም የሸዋ ሮቢት ልጅ ነገ የሚቀጥለውን ዝርዝር ከሚጽፉት አንዱ ይሆናል። የውጭ ቋንቋ አትፍሩ። አባቶቻችሁ ካምቢዮና ባሌስትራን አማርኛ አድርገዋቸዋል።

አባታችሁ ወይም አያታችሁ በዚህ መስመር ኤንትሬ፣ ኢፋ ወይም ላንድሮቨር የነዱ ካላችሁ ታሪካቸውን ከሥር ጻፉልኝ፣ የመኪናውን ፎቶ ካገኛችሁም ለጥፉልኝ። ለቀጣይ ዓመት ተማሪዎቼ ላሳይበት አስቤያለሁ።

ሰላም ዋሉ።