የማይነካውን የሚመሰክር መሣሪያ፤ ከረንት ትራንስፎርመር በአዲስ አበባ ሦስት በሮች

በቡራዩ፣ በሰበታ ወይም በሱሉልታ በኩል ወደ አዲስ አበባ የሚገባ መንገደኛ ረጃጅሞቹን የኤሌክትሪክ ምሰሶዎች ማየቱ አይቀርም። በማከፋፈያ ጣቢያው አጥር ውስጥ የሸክላ ቀሚስ ለብሶ የቆመውን ከረንት ትራንስፎርመር ግን ከሞያው ሰው በቀር ልብ የሚለው የለም። ይሁን እንጂ የሚያልፈውን ኃይል የሚመሰክረው ይኸው መሣሪያ ነው።

እንደሚታወቀው በ230 ሺህ ቮልት መስመር ላይ አምፔር መለኪያ በእጅ ማሰር አይቻልም። ስለዚህ መስመሩ በቀለበት ብረት መካከል እንዲያልፍ ይደረግና በቀለበቱ ላይ ቀጭን ሽቦ ይጠመጠማል። መስመሩ አንድ ዙር፣ ሽቦው 120 ዙር ቢሆን፣ 600 አምፔር ሲያልፍ በሽቦው የሚወጣው 5 አምፔር ብቻ ነው። መሠረቱ ፋራዴይ እ.ኤ.አ. በ1831 የገለጸው ሕግ ነው። እ.ኤ.አ. በ1904 ሜርዝና ፕራይስ የተባሉት መሐንዲሶች የሚገባውንና የሚወጣውን ከረንት በማነጻጸር ብልሽትን የመለየት ዘዴ ሲያስመዘግቡ፣ መሣሪያው ከለኪነት አልፎ ዘብ ሆነ።

የአገራችን ታሪክ ይህን ዘብ በየጊዜው ለከበደ ሥራ ጠርቶታል። እ.ኤ.አ. በ1960 የተመረቀው ቆቃ 43.2 ሜጋዋት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1973 የፊንጫ 100 ሜጋዋት በ230 ሺህ ቮልት ከቡራዩ አጠገብ ገፈርሳ ደረሰ፤ ይህ ኃይል በአንድ መስመር ቢመጣ በየሽቦው 250 አምፔር ያህል ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 ደግሞ የግልገል ጊቤ ሁለተኛው 420 ሜጋዋት በሰበታ አቅጣጫ፣ የበለስ 460 ሜጋዋት በሱሉልታ አቅጣጫ፣ በ400 ሺህ ቮልት መስመሮች ተከፈቱ።

የመሣሪያው አሠራር ልዩ ልዩ ነው። በ15 ሺህ ቮልት ሣጥኖች ውስጥ የሚገኘው በሙጫ የተደፈነ ነው። በትልልቅ ትራንስፎርመሮች አንገት ላይ ቀለበቱ ብቻ ይጠለቃል። በግቢ ከሚቆሙት በዘይት የተሞሉ መሣሪያዎች፣ አንደኛው ዓይነት እምብርቱን በራሱ ላይ ይሸከማል፤ መስመሩ አጭርና ቀጥ ያለ በመሆኑ ታላቅ ከረንት ይችላል፤ ነገር ግን ራሰ ከባድ ነው። ሁለተኛው መስመሩን እንደ ፀጉር ማስያዣ አጥፎ ወደ ታች ያወርዳል፤ እምብርቱ ከእግሩ ስለሆነ አቋሙ የጸና ነው።

በአንድ አካል ውስጥ ብዙ እምብርቶች ይኖራሉ፤ ጠባያቸው ግን ተቃራኒ ነው። የቆጣሪው እምብርት በአደጋ ጊዜ ፈጥኖ በመግነጢስ ጠግቦ ቆጣሪውን ያድናል። የመከላከያው ግን መጥገብ የለበትም። 5ፒ20 የተባለው እስከ 20 እጥፍ ድረስ ስሕተቱ ከመቶ 5 አያልፍም፤ ለ600 አምፔር ይህ 12,000 አምፔር ማለት ነው። ሁለቱን አቀያይሮ ያሰረ ሠራተኛ ቆጣሪውን ለቃጠሎ፣ ሪሌዩን ለዕውርነት ይዳርጋል።

ዋናው ቁም ነገርም እዚህ ላይ ነው። አዲስ የኃይል ማመንጫ በተጨመረ ቁጥር በብልሽት ጊዜ የሚጎርፈው ከረንት ይጨምራል። በፊንጫ ዘመን ስሌት የተመረጠ እምብርት ከበለስ በኋላ ለሚመጣው ጎርፍ ይበቃል ብሎ ማመን አይገባም። ከግቢው እስከ መቆጣጠሪያው ቤት የሚዘረጋው ገመድም ራሱ ሸክም ነው፤ በ5 አምፔር የሚባክነው በ1 አምፔር ከሚባክነው 25 እጥፍ ስለሆነ፣ በሰፊ ግቢ 1 አምፔር ይመረጣል።

በመጨረሻም ለወጣት ባልደረቦቻችን የምናሳስበው አንድ ነገር አለ። መስመሩ ኃይል ተሸክሞ ሳለ የሁለተኛው ጥቅል ጫፍ ፈጽሞ ክፍት አይተው። ከተከፈተ በጫፎቹ ላይ ሰው የሚገድል ቮልቴጅ ይነሣል። ቆጣሪ ከመፈታቱ በፊት ጫፎቹ እርስ በርስ ይታሰሩ። ይህ መሣሪያ ምስክርነቱን የሚሰጠው መንገዱ እስካልተቆረጠ ድረስ ነውና።