ስደተኛው የፊልም ደራሲ ኤመሪክ ፕሬስበርገር

በፊልም ሥራ ደራሲው ብዙውን ጊዜ የሚታወሰው ከሁሉ በኋላ ነው። ድርሰቱን አስረክቦ ዋጋውን ከተቀበለ ወዲያ አዘጋጁ ቢቈርጠው፣ ባለገንዘቡም ቢለውጠው የመከልከል ሥልጣን የለውም። በዚህ አጭር ጽሑፍ የምንመረምረው ይህን ልማድ አልቀበልም ያለውን ኤመሪክ ፕሬስበርገርን ነው። (ዘመኖቹ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

ፕሬስበርገር በ1902 በሀንጋሪ፣ በሚሽኮልስ ከተማ ከአይሁድ ቤተ ሰብ ተወለደ። በፕራግና በሽቱትጋርት የጀመረውን ትምህርት አባቱ ስለ ሞተ ሳይፈጽም ትቶ በርሊን ገባ፤ ከብዙ ችግር በኋላም ኡፋ ለተባለው ታላቅ የፊልም ኩባንያ ድርሰት መጻፍ ጀመረ። በ1933 ናዚዎች ሥልጣን ሲይዙ ወደ ፓሪስ ሸሸ፤ በ1935 ደግሞ ወደ ለንደን ተሻገረ። በዚያም የአገሩ ልጅ አሌክሳንደር ኮርዳ ሥራ ሰጠው፤ ከእንግሊዛዊው አዘጋጅ ከማይክል ፓወል ጋራም አገናኘው። ሁለቱ በ1941 ባወጡት «አርባ ዘጠነኛው ኬክሮስ» በተባለው ፊልም ፕሬስበርገር የታሪኩን የኦስካር ሽልማት አገኘ።

ከ1942 ጀምሮ በፊልሞቻቸው ላይ የሚነበበው ጽሑፍ በጊዜው ያልተለመደ ነበረ፤ ይኸውም ደራሲዎቹም፣ አሠሪዎቹም፣ አዘጋጆቹም ፓወልና ፕሬስበርገር ናቸው የሚል ነው። በተግባር ግን ተዋንያኑን የሚመራው ፓወል ሲሆን፣ ታሪኩን የሚያፈልቀውና የአሠሪነቱን ጭንቀት በይበልጥ የሚሸከመው ፕሬስበርገር ነበረ። ኩባንያቸውን «ቀስተኞች» አሉት። ገንዘቡ የሚመጣው በአብዛኛው ከባለጸጋው ከአርተር ራንክ ስለ ነበረ፣ ነጻነታቸው ገንዘብ ሰጪው በድርሰቱ እጁን አያስገባም ማለት ብቻ ነበረ። ይህም ቢሆን ቀላል ነገር አይደለም።

ነጻነቱ የተፈተነው በ1943 በወጣው «የኮሎኔል ብሊምፕ ሕይወትና ሞት» ነው። ብሊምፕ የጋዜጣ ሥዕለኛው ዴቪድ ሎው የፈጠረው ግትር አሮጌ መኰንን ነው፤ ፊልሙ ግን ይህን የመሰለ ሰው ከአንድ ጀርመናዊ መኰንን ጋራ ለአርባ ዓመት የዘለቀውን ወዳጅነት ይተርካል። በጦርነት መካከል ደግ ጀርመናዊ ማሳየት ድፍረት ነበረ። የጦር ሚኒስቴሩ ድርሰቱን አልወደደውም፤ ተዋናዩ ሎረንስ ኦሊቪዬም ከባሕር ኃይል አገልግሎት እንዲለቀቅ አልተፈቀደም። ቸርችል ፊልሙ እንዲቆም ፈለጉ፤ የማስታወቂያ ሚኒስትራቸው ግን መንግሥት እንዲህ ያለ ሥልጣን የለውም ብለው መለሱ። ፊልሙም ታየ።

በዚህ ፊልም ውስጥ ጀርመናዊው ስደተኛ በእንግሊዝ ባለሥልጣን ፊት ቆሞ ለምን እንደ መጣ የሚያስረዳበት ክፍል አለ። ይህን የጻፈው ሰው ሀንጋሪ ከእንግሊዝ ጋራ በጦርነት ላይ ስለ ነበረች ራሱም የጠላት አገር ዜጋ ተብሎ ይቈጠር ነበረ። የእንግሊዝ ዜግነት ያገኘው በ1946 ነው፤ እናቱ ግን በአውሽቪትስ ሞታለች። ስለዚህ እነዚህን ሥራዎች የፓወል ፊልሞች ብቻ ብሎ መጥራት፣ ዛሬም የሚሰማ ቢሆን፣ ትክክል አይመስለንም።

በ1948 ከ«ቀይ ጫማዎች» በኋላ ከራንክ ተለይተው ወደ ኮርዳ ተመለሱ፤ ሽርክናቸውም በ1957 ፈረሰ። ፕሬስበርገር ከዚያ በኋላ ልብ ወለድ ጻፈ። በ1981 የብሪታንያ የፊልም አካዳሚ ከፍተኛ ክብሩን ለሁለቱም በአንድነት ሰጠ። ፕሬስበርገር በ1988 በሰፎክ ክፍለ አገር ዐረፈ።