ድስቱ የጨመረው

የኮሪያ ጂንሰንግ ሥር ደቆ በውሃ ሲናጥ እንደ እንዶድ አረፋ ያወጣል። ዝምድናም አላቸው፤ ሁለቱም ሳፖኒን የሚባሉ፣ ስኳር የተንጠለጠለባቸው ሞለኪውሎችን ይዘዋል። ሴኡል ለሁለተኛ ዲግሪ በቆየሁበት ጊዜ ይህን አረፋ ክፉኛ ጠላሁት። ሥሩን በሜታኖል እንዘፈዝፋለን፣ አልኮሉን እናተናለን፣ የቀረውን ዝልግልግ ነገር ውሃና ቡታኖል ጨምረን እንንጣለን። ሳፖኒኑ ወደ ቡታኖሉ ይሻገራል፤ መጽሐፉ የሚለው እንዲህ ነው። ጠርሙሱ ውስጥ ግን ሁለቱ ፈሳሾች አረፋ ሠርተው አንላቀቅም ይሉና እስከ ማግስቱ ያስጠብቃሉ።

ከሥሩ ውስጥ የሚሠራውን ንጥረ ነገር ነጥሎ ለማውጣት የተሞከረው ከእኛ በፊት ብዙ ዘመን ቀድሞ ነው። እ.ኤ.አ. በ1854 ጋሪግስ የተባለ አሜሪካዊ ከሰሜን አሜሪካው ጂንሰንግ አንድ ነገር አውጥቶ ፓናኲሎን አለው። በዚያን ጊዜ መሣሪያ ድብልቁን ለያይቶ ማየት የሚቻል አልነበረም። ቋጠሮው መፈታት የጀመረው በ1960ዎቹ በቶኪዮ ዩኒቨርሲቲ፣ በሾጂ ሺባታና በባልደረቦቹ እጅ ነው። ሳፖኒኑን በአሲድ አፍልተው ስኳሮቹን አራገፉና የቀረውን አስኳል ፓናክሳዲዮል አሉት። ቆይቶ ግን አስኳሉን አሲዱ ራሱ እንደለወጠው፣ ተክሉ ውስጥ ያለው ሌላ እንደሆነ ደረሱበት። ይህ ከግኝቱ ይልቅ ይጥመኛል፤ ያገኙትን ነገር በከፊል የሠሩት ራሳቸው ነበሩ። ከዚያ ወዲያ ሳፖኒኖቹን ሲሊካ በተቀባ ሳህን ላይ እያስኬዱ ለያዩዋቸው፤ ከታች ወደ ላይ በቆሙበት ተራም የላቲን ፊደል ሰጧቸው። አርቢ1፣ አርጂ1 የሚባሉት ጂንሰኖሳይዶች ስማቸውን ያገኙት እንዲህ ነው።

ኮሪያውያን ደግሞ ድስቱን ከጣዱ ቆይተዋል። እ.ኤ.አ. በ1123 ከሶንግ ቻይና ወደ ጎርዮ፣ ወደ ያኔዋ ኮሪያ፣ የተላከው ሹ ጂንግ፣ ጂንሰንግ ጥሬና የበሰለ ሁለት ዓይነት እንደሆነ፣ ጥሬውን በሞቃቱ ወራት ተባይ እንደሚበላው፣ ድስት ያየው ግን እንደሚቆይ ጽፏል። የማብሰሉ ምክንያት ይኸው ነበር፣ እንዳይበላሽ። በኋላ የኬሶንግ ነጋዴዎች ሥሩን በእንፋሎት አብስለው፣ አድርቀው፣ ቀይ ሆንግሳም አድርገው ወደ ቻይና እየላኩ ከበሩበት። ገንዘቡ ብዙ ነበርና በ1908 ቀዩን ማምረት በሕግ የመንግሥት ብቻ ሆነ፤ ገበሬው ያበቀለውን ሥር በገዛ ድስቱ አብስሎ እንዳይሸጥ የከለከለው ይህ ሞኖፖል የተነሳው በ1996 ነው። የእኛ ቃኘው ሻለቃ በዘመተበት ጦርነት ማብቂያ ኬሶንግ ሰሜን ቀረች። ከዚያ የሸሹ አብቃዮች በጋንግህዋ ደሴት እርሻውን ቀጠሉት።

እንፋሎቱ ምን እንደሚሠራ የታወቀው በቅርቡ ነው። ሥሩ ውስጥ በብዛት ያለው አርቢ1 አራት ግሉኮስ ተሸክሟል። ሲበስል ሁለቱን ይጥልና አርጂ3 ይሆናል፤ ይህ ጥሬው ሥር ውስጥ ቢፈለግ እምብዛም የማይገኝ ነው። የሴኡል ብሔራዊ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2000 ባወጡት ጥናት ሥሩን በ100፣ በ110ና በ120 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አብስለው አወዳደሩ። ሙቀቱ ከፍ ሲል እንዲህ ያሉት ውህዶች በዙ፣ ሥሩ የደም ቧንቧን የማላላት ኃይሉም ጨመረ፤ በላቦራቶሪ እንጂ በታማሚ ላይ አይደለም፣ ሻጮች ይህችን ሐረግ መዝለል ይወዳሉ። ጥሬውን የበላ ሰውም ማብሰያ አላጣም። የአንጀት ባክቴሪያዎች ስኳሮቹን አንድ በአንድ እያራገፉ ኮምፓውንድ ኬ የሚባለውን ይሠራሉ፤ ባክቴሪያዎቹ ግን በሁሉም ሰው ሆድ እኩል አይገኙም። ስለዚህ «የጂንሰንግ ዋናው መድኃኒት የቱ ነው?» የሚለኝን ሰው ከየትኛው ድስት፣ በማን ሆድ ብዬ ስመልስለት ይቀየመኛል።

ለላቦራቶሪ የምንገዛው ከግምሳን የጂንሰንግ ገበያ ነበር፤ ገበያው የሚቆመው የወሩ ቀን በ2 ወይም በ7 ሲያበቃ ነው። ሰው የሚሻማው እጅና እግር ያለው በሚመስለው ወፍራም ሥር ላይ ነው፣ ዋጋውም እንደ መልኩ። እኛ ሚሳም የሚሏቸውን ቀጫጭን ጭራዎች በርካሽ አፍሰን እንመለሳለን። ሳፖኒኑ የሚበዛው በቅርፊቱና በእነዚያ ጭራዎች ነው።

ዛሬ ኮሪያ ውስጥ ቀይ ጂንሰንግ ለጤና ምግብነት ሲሸጥ የሚለካው የአርጂ1፣ የአርቢ1ና የአርጂ3 ድምር ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ከማሳ የመጡ ናቸው፣ አርጂ3 በአብዛኛው ከእንፋሎቱ። አንድ ቁጥር ለተቆጣጣሪ ይመቻል፤ እኔን ግን ያበሽቀኛል። ለብ ብሎ የወጣ ሥርና በደንብ የበሰለ ሥር አንድ ዓይነት ድምር ይዘው መደርደሪያ ላይ ጎን ለጎን ሊቀመጡ ይችላሉ። ሦስቱን ለየብቻ ማተም የሚጠይቀው ሁለት ተጨማሪ መስመር ብቻ ነው።